ብርሃን ሰጪ ፖሊመሮችና የአራት ኪሎ ኬሚስትሪ

ከፒያሳ ተነሥቶ የራስ መኰንንን ድልድይ ተሻግሮ ዳገቱን የወጣ እግረኛ አራት ኪሎ ይደርሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 የተቋቋመው በዚሁ በአራዳ ምድር ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1961 ዩኒቨርሲቲው ሲመሠረትና የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሰጠው ዋናው ግቢ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣ፤ የሳይንስ ትምህርት ግን አራት ኪሎ ቀረ። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉ ፖሊመሮች በኢትዮጵያ ያላቸው ታሪክ ከዚህ ግቢ ተለይቶ አይነገርም።

ፕላስቲክ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ለብዙ ዘመን የታወቀው የሽቦ ልባስ ሆኖ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በመከልከሉ ነበር። ሺራካዋ፣ ማክዳያርሚድና ሂገር ግን በ1977 ፖሊአሴቲሊንን ከአዮዲን ጋር በማገናኘት ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ አደረጉት፤ ለዚህም በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1990 ደግሞ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ፒፒቪ በሚል አኅጽሮት የሚጠራውን ፖሊመር በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል በስሱ አንጥፈው ኤሌክትሪክ ቢለቁበት አረንጓዴ ቢጫ ብርሃን ሰጠ። ግኝቱ ዓለምን አስደነቀ፤ መብራቱ ግን ዕድሜ አልነበረውም።

ብርሃኑ የሚገኘው በካርቦን ሰንሰለቱ ላይ ነጠላና ድርብ ትስስር እየተፈራረቀ በመሄዱ ነው። ለጥቃት የሚያጋልጠውም ይኸው ድርብ ትስስር ነው። ብርሃን ያነቃው ፖሊመር ጉልበቱን ለኦክስጅን ያስተላልፋል፤ የነቃው ኦክስጅንም ተመልሶ ድርቡን ትስስር ይበጥሰዋል። በስብራቱ ላይ የሚፈጠረው ካርቦኒል በዙሪያው ያለውን ብርሃን ስለሚያጠፋ፣ ጥቂት ቦታ ብቻ ቢበላሽ እንኳ መብራቱ ክፉኛ ይደክማል። በካልሲየም የተሠራው ኤሌክትሮድም የውሃ ተን ሲነካው ይበላሽና በመብራቱ ፊት ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወልዳል። መሣሪያውን በመስታወት አሽጎ እርጥበት መጣጭ ማኖር የተለመደው ለዚህ ነው።

ከሁሉ ያከራከረው ግን የሰማያዊው ብርሃን ጉዳይ ነበር። ፖሊፍሎሪን የተባለው ፖሊመር ሰማያዊ ብርሃኑ ከጊዜ በኋላ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። መጀመሪያ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ስለሚጠጋጉ ነው ተባለ፤ ኋላ ግን ኦክስጅን የሚፈጥረው ፍሎሬኖን ዋናው ጥፋተኛ መሆኑ ተገለጸ። ፖሊመሩ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ በሚገባ ካልጠራና ዘጠነኛው ካርቦን ላይ ሃይድሮጅን ከቀረ፣ ብልሽቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እንግዲህ የመብራቱ ዕድሜ ገና ከማጣሪያው ብርጭቆ ላይ ይወሰናል ማለት ነው፤ ይህም ከማንም በፊት የኬሚስቱ ሥራ ነው።

አራት ኪሎ በዚህ ሥራ የገባው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም ድጋፍ፣ ተከተል ዮሐንስ በ1990ዎቹ ከሊንሾፒንጉ ኦሌ ኢንጋናስ ጋር በፖሊታዮፊን ላይ ሠርተዋል። ወንድማገኝ ማሞም በ2000ዎቹ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር የፖሊፍሎሪን ዝርያዎችን አዘጋጅተዋል። ዓላማው ግን መብራት ሳይሆን የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ነበር። ፀሐይ ለማያጣት አገር ይህ ምርጫ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ብርሃን የሚሰጠውም ሆነ የሚቀበለው ፖሊመር ጠላቱ አንድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ አልትራቫዮሌቱ ብርቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ማንሳት ይገባል። በሙያው ዓለም ስም የሚያወጣው ከፍተኛው የብቃት ቁጥር ነው፤ ዕድሜን መለካት ግን ደረቅ ናይትሮጅን፣ ያልተቋረጠ ኤሌክትሪክና በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ይጠይቃል፤ ምስጋናውም ትንሽ ነው።

ፖሊመሩ በገበያው አላሸነፈም። የዛሬዎቹ የኦሌድ ስልኮች ስክሪን በአብዛኛው በባዶ አየር ውስጥ እየተነኑ ከሚነጠፉ ትናንሽ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። ጠላቱ ግን አልተለወጠም። ብዙ ነባር ቤቶቿ በ2024 በፈረሱባት ፒያሳ እንኳ ስልክ ጠጋኝ አይጠፋም፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ሲመጣለትም ያ ጥቁር ነጠብጣብ ከስንጥቁ ጀምሮ በስክሪኑ ላይ ሲስፋፋ ያያል።