ኳንተም ኦፕቲክስና ቶፖሎጂካል ሁነታዎች፦ ከባሕር ዳር ሊሠራ የሚችል ጥናት

የደንገል ታንኳ የጣናን ደቅ ደሴት ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ፣ መንገዱ ቢሰፋም ቢጣመምም የዙሩ ቁጥር አንድ ነው፤ ቁጥሩን ለመለወጥ በየብሱ ላይ ማለፍ ግድ ይላል። የቶፖሎጂካል ሁነታዎች ጽናት የሚመነጨው ከእንዲህ ያለ ሙሉ ቁጥር ነው። በኳንተም ሥርዓት የቸርን ቁጥር ይባላል፤ የሚለወጠውም ሁለት የኃይል ደረጃዎች ሲገናኙ ነው። ዳንከን ሃልዴን እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) በ1988 በማር እንጀራ ቅርጽ በተደረደረ ጥልፍ ላይ ያቀረቡት ሞዴል ዋና ምሳሌው ነው።

ይህን ቁጥር በሱፐርኮንዳክተር ሰርኪውት ከለኩት መካከል የፔድራም ሩሻንና የጆን ማርቲኒስ ቡድን ይገኝበታል (2014፣ ሳንታ ባርባራ)። ሰርኪውቱ ወደ ፍጹም ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት ያስተላልፋል። በውስጡ ያለው የጆሴፍሰን መጋጠሚያ የኃይል ደረጃዎቹ ርቀት እኩል እንዳይሆን ስለሚያደርግ፣ የታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች ተነጥለው እንደ ኩቢት ያገለግላሉ። ተመራማሪዎቹ ኩቢቱን ሁነታዎቹን በሚወክለው ሉል ላይ በማይክሮዌቭ ምት ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው ያዞሩታል። እጅግ በዝግታ ቢዞር ኖሮ መንገዱን ሳይዛነፍ በተከተለ ነበር፤ ትንሽ ሲፈጥን ግን ወደ ጎን ያዘነብላል። የዝንባሌው መጠን የቤሪ ኩርባ ከሚባለው መጠን ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ በመንገዱ ሁሉ ሲደመር የቸርንን ቁጥር ይሰጣል። እንደ እንከን የሚታየው መዛነፍ መልሱን መያዙ የዚህ ሙከራ ትልቁ ውበት ነው። በ2021 ደግሞ የጉግል ተመራማሪዎች በ31 ኩቢቶች ቶሪክ ኮድ የተባለውን ቶፖሎጂካል ሁነታ ሠሩ።

ኢትዮጵያዊ እጅም በዘርፉ አለበት። ዶክተር እዮብ አለባቸው በ2006 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፍሥሐ ካሳሁን ጋር ስለ ሦስት ደረጃ ሌዘር ጽፈዋል። በ2013 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሪቨርሳይድ ሳሉ፣ ከአሌክሳንደር ኮሮትኮቭና በ2025 ኖቤል ከተሸለሙት ከማርቲኒስ ጋር የኩቢት ንባብ ዘዴ አቀረቡ። በኋላም በሪጌቲ ኩባንያ በኩቢቶች መካከል ያለውን ትስስር የሚያበራና የሚያጠፋ አገናኝ ላይ ሠሩ። ከሌዘር ወደ ሰርኪውት መሻገር ሙያ መቀየር አይደለም። ጄይንስና ከሚንግስ በ1963 ለአተምና ለብርሃን የጻፉት ቀመር፣ በ2004 በየል ዩኒቨርሲቲ ለኩቢትና ለማይክሮዌቭ ያገለገለው ራሱ ነው።

ስለዚህ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ፊዚክስ የሚያጠና የማስተርስ ተማሪ ሰርኪውቱን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ እስኪገዛ መጠበቅ የለበትም ባይ ነኝ። የ31 ኩቢቶች ሙሉ ሁነታ በጥቅሉ ሲጻፍ ከ2 ቢሊዮን በላይ ቁጥሮች ይፈልጋል፤ ሁለት ኩቢቶች ግን፣ የኃይል ብክነታቸው ታክሎበት እንኳ፣ 16 አባላት ባሉት ማትሪክስ ይገለጻሉ። ይህ በተራ ላፕቶፕ ይሰላል። ጥያቄውም ገና ሰፊ ነው፦ ኩቢቱ በመዞር ላይ ሳለ ኃይሉን ካፈሰሰ የሚለካው የቸርን ቁጥር ከሙሉ ቁጥር ምን ያህል ይርቃል? ለዚህ የሚያስፈልገው የክፍት ሥርዓት ስሌት፣ በአዲስ አበባ የሌዘር ጥናቶች ውስጥ ዓመታት የተሠራበት ነው።