የልብ ወለድ ሒስ አመጣጥና የአጻጻፉ ሥርዓት

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ዕጩ መምህራን በአንድ ልብ ወለድ ላይ ሒስ እንዲጽፉ ሲታዘዙ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት የታሪኩን ማሳጠሪያ ነው። በመጨረሻም «መጽሐፉ እጅግ አስተማሪ ነው» የሚል ምስጋና ይታከልበታል። ይህ ከተማሪው ስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሒስ በአገራችን የተጓዘበትን መንገድ ካለማስተማራችንም የመነጨ ጉድለት ነው።

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. በሮማ ሲታተም፣ ልብ ወለድን በአማርኛ የመሔስ ልማድ ገና አልተመሠረተም ነበር። ሆኖም የመመዘን ባህል አልነበረም ማለት አይደለም። በቅኔ ቤት መምህሩ የሰምና ወርቁን መስማማት መርምሮ የተማሪውን ቅኔ ያርማል፤ በትርጓሜ ቤትም ሊቃውንቱ «አንድም» እያሉ ለአንድ ንባብ ልዩ ልዩ ፍች ይሰጣሉ። እንግዲህ ፍርድን ከንባቡ ጋር እያገናዘቡ መስጠት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የጎደለው ለዝርው ድርሰት የሚስማማ ስያሜ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በከፍተኛ ተቋም ሲስፋፋ እነደበበ ሰይፉን የመሳሰሉ ምሁራን ደክመውበት፣ «ሴራ»፣ «ገጸ ባሕርይ»፣ እንዲሁም ከ«መቼ» እና ከ«የት» የተጣመረው «መቼት» የሐያሲው መሣሪያዎች ሆኑ።

የመሣሪያዎቹን አጠቃቀም በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ማሳየት ይቻላል። ጀማሪው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር እንደሚያሳዝን ጽፎ ያበቃል። ሐያሲው ግን ይጠይቃል፦ አሳዛኙ ፍጻሜ በአጋጣሚ የመጣ ነውን? ወይስ ከበዛብህ ስለትና ከሰብለ ወንጌል የባላባት ዘር የተወለደ? ደራሲው የሥርዓቱን ነቀፋ እንደ እብድ በሚታየው በጉዱ ካሣ አንደበት ስለምን አኖረው? ረጅም ንግግሩስ ታሪኩን ይረዳዋል ወይስ ያዘገየዋል? መልሱ ምንም ቢሆን ከመጽሐፉ በሚጠቀስ ማስረጃ መደገፍ አለበት።

ይህ ጥንቃቄ የክፍል ውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ በነፃ ሒስ ከመመዘኑ አስቀድሞ የሥልጣን ፍርድ ደረሰበት። ገጸ ባሕርይን እንደ ድርሰት ፍጡር መመርመርና የሕያው ሰው ክስ አድርጎ መቁጠር ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

ስለዚህ ሐያሲው መጽሐፉን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያንብብ፤ ታሪኩን በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ያስታውስ፤ ብርታቱንና ድክመቱን በማስረጃ ያሳይ፤ በመጨረሻም ፍርዱን ሳይሸሽግ ይስጥ። መምህሩም ማርክ ሲሰጥ ተማሪው ከእርሱ አስተያየት ጋር መስማማቱን ሳይሆን ማስረጃ ማቅረቡን ይመልከት። ዛሬ በማስረጃ መፍረድን የተለማመደ ዕጩ መምህር ነገ ይህንኑ ለልጆቻችን ያስተምራልና።