የደረት ጡንቻ መበጠስ

የደረት ጡንቻ መበጠስ ትልቁ የደረት ጡንቻ ወይም ጡንቻውን ከላይኛው የክንድ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ሲበጠስ የሚደርስ ጉዳት ነው። በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተገለጸው በ1822 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ነው። በብዛት የሚታየው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባሉ ወንድ ስፖርተኞች ላይ ነው።

መንስኤ

ዋናው መንስኤ በጀርባ ተኝቶ ክብደት ማንሳት፣ ማለትም ቤንች ፕሬስ ነው። ብረቱ ወደ ደረት ሲወርድ ጡንቻው እየተለጠጠ ሸክሙን ስለሚይዝ በዚያው ቅጽበት ሊበጠስ ይችላል። በትግልና በራግቢም ይከሰታል። አናቦሊክ ስቴሮይድ መውሰድ ለጉዳቱ ያጋልጣል።

ምልክቶች

ተጎጂው ድንገተኛ ሕመም ይሰማዋል፤ አንዳንዴም የመበጠስ ድምፅ ይሰማል። ደረቱ፣ ብብቱና ክንዱ ያብጣሉ፣ ይጠቁራሉ። ክንድን ወደ ደረት የማስጠጋት ኃይል ይቀንሳል። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ የብብቱ የፊት እጥፋት ከሌላው ጎን ጋር ሲነጻጸር ይጠፋል።

ምርመራ

ሐኪሙ ሁለቱን ጎኖች በማየት፣ በመዳሰስና ኃይላቸውን በማወዳደር ጉዳቱን መጠርጠር ይችላል። ራጅ የአጥንት ስብራት መኖር አለመኖሩን ያሳያል። አልትራሳውንድ ይረዳል፤ የተበጠሰበትን ቦታና መጠን በተሻለ የሚለየው ግን ኤምአርአይ ነው።

ሕክምና

ከፊል መበጠስ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ክንዱ በማንገቻ ያርፋል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይደረግበታል፣ ቀጥሎም ፊዚዮቴራፒ ይጀመራል። ጅማቱ ከአጥንቱ ሙሉ በሙሉ ከተላቀቀ ለስፖርተኛ የሚመረጠው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ውጤቱም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲሠራ ይሻላል። ከዘገየ ጅማቱ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ስለሚጣበቅ ጥገናው ይከብዳል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ከባድ ክብደት ለመመለስ 6 ወር ገደማ ያስፈልጋል።

በኢሉባቦር

በኢትዮጵያ ብዙ ስፖርተኞች ጉዳት ሲደርስባቸው መጀመሪያ ወደ ወጌሻ ይሄዳሉ። ትኩስ ጉዳትን ማሸት ግን መድማቱንና እብጠቱን ሊያባብስ፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠራበትንም ጊዜ ሊያሳልፍ ይችላል። መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ ለተጨማሪ ምርመራ መጓዝ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በመቱ፣ በጎሬና በአካባቢው ከተሞች የሚጎዳ ስፖርተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ መቱ ካርል ሆስፒታል ባለ ተቋም መታየቱ፣ ካስፈለገም ወደ አጥንት ቀዶ ሐኪም ሪፈር መጻፉ የክንዱን ኃይል ለመመለስ ወሳኝ ነው።