የተሰረዘው ዋጋ እውነት ነበር ወይ? ቅናሽ እንዴት እንደሚሠራ

ሰኞ ዕለት ስልካችሁ ላይ አንድ ጫማ አያችሁ፤ ዋጋው 89 ዶላር። «ደመወዝ ሲገባ እገዛዋለሁ» ብላችሁ አለፋችሁ። ሐሙስ ስትመለሱ 120 ገብቷል። ተናዳችሁ ተዋችሁት። ቅዳሜ ጠዋት ኖቲፊኬሽን መጣ፦ «ታላቅ ቅናሽ! 120 የነበረው አሁን 95!»

ሰኞ ከነበረው በ6 ዶላር የተወደደው ጫማ በቅናሽ ስም ተመልሶ መጣላችሁ ማለት ነው።

ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል የወሰድነው እኛ ነን። ነገሩን ግን አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። እዚህ ሆናችሁ «እህቴ፣ ይቺን ግዢልኝ» እያላችሁ ሊንክ የምትልኩም እንደዚሁ። ሊንኩ ሲላክ አንድ ዋጋ፣ እሷ ስትከፍተው ሌላ ዋጋ። አዲስ አበባም የራሷ ዓይነት አላት፤ ወደሱ እንመለሳለን። (ከታች «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተሰረዘው ቁጥር ሥራው ምንድን ነው?

በላዩ ላይ መስመር የተሰመረበት ዋጋ የተቀመጠው እንድትከፍሉት አይደለም። እንድታነጻጽሩበት ነው። የአንድን ዕቃ ትክክለኛ ዋጋ ሳናውቅ ስንቀር አእምሯችን መጀመሪያ ያየውን ቁጥር ይይዝና ከእሱ ተነስቶ ያሰላል። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1974 ባወጡት ጽሑፍ ይሄን ዝንባሌ ከመርከብ መልህቅ ጋር አመሳስለውታል፤ ግምታችን ከመጀመሪያው ቁጥር ብዙ አይርቅም።

መርካቶ ገብቶ የተከራከረ ሰው ግን ይሄን ለመረዳት ተመራማሪ አያስፈልገውም። ነጋዴው «3 ሺህ» ብሎ ሲጀምርላችሁ በ1,800 ይዛችሁ ስትወጡ ደስ ይላችኋል። 2 ሺህ ብሎ ጀምሮ 1,800 ላይ ቢቆምስ? ያው ዕቃ፣ ያው ብር፣ ግን ፊታችሁ እንደዚያ አይበራም።

ልዩነቱ መርካቶ ላይ ሁለታችሁም ጨዋታውን ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ዋጋ መነሻ እንጂ እውነት እንዳልሆነ ነጋዴውም ያውቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ «ኧረ በናትህ ቀንስ» የምትሉበት አፍም አላችሁ። ስልክ ላይ የተሰረዘው 120 ግን «ይሄ ዕቃ በእርግጥ 120 ሲሸጥ ነበር» እያለ ነው። መከራከሪያ የለም። ውሸት ከሆነ ተራ ውሸት ነው።

ለምን ግን አንድ ዋጋ ላይ አይቆሙም?

ቸርቻሪዎች በሁለት መንገድ ይሠራሉ። አንዱ እንደ ዋልማርት ዓመቱን ሙሉ ዝቅተኛ ዋጋ እያሉ መሸጥ ነው። ሁለተኛው ዋጋ ከፍ አድርጎ አስቀምጦ በየጊዜው ማውረድ። ልብስ፣ ጫማና የቤት ዕቃ የሚሸጡ ብዙዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ደንበኛ በአንድ ዕቃ ያገኛሉ። ነገ ሠርግ ያለበት ሰው ሙሉውን ይከፍላል። ጊዜ ያለው ደግሞ ጠብቆ በቅናሹ ይገዛል። ሱቁ ሁለቱንም አላጣም።

ሁሉም መውጣትና መውረድ ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም። የክረምት ካፖርት መጋቢት ላይ ሲረክስ እውነተኛ ቅናሽ ነው፤ ሱቁ መደርደሪያውን ለበጋ ልብስ ይፈልገዋል። ማታ የሚረክስ ዳቦም እንደዚሁ።

ኦንላይን ሲሆን ነገሩ ይፈጥናል። ሱቅ ውስጥ ዋጋ ለመቀየር አንድ ሰው ወረቀት ይዞ መደርደሪያ ለመደርደሪያ መዞር ነበረበት። ኦንላይን ግን የተፎካካሪን ዋጋ፣ የቀረውን ክምችትና የፈላጊውን ብዛት የሚከታተል ፕሮግራም ማንንም ሳያማክር ይቀይረዋል። አማዞን ላይ ደግሞ አንድ ዕቃ አንድ ገጽ ቢኖረውም ሻጩ ብዙ ነው። ፊት ላይ የሚታየው ሻጭ ሲቀየር ዋጋውም አብሮ ይቀየራል። ጠዋት ያያችሁትና ማታ ያያችሁት ጭራሽ የአንድ ነጋዴ ዕቃ ላይሆን ይችላል።

ቅሬታው አዲስ አይደለም። በ2000 አማዞን ላይ ዲቪዲ የሚገዙ ሰዎች ተመሳሳይ ፊልም በተለያየ ዋጋ እንደሚታያቸው ደረሱበትና ተቆጡ። ኩባንያው ዋጋውን በዘፈቀደ እየሞከረ እንደነበር አምኖ ለ6,896 ደንበኞች በአማካይ 3 ዶላር ከ10 ሳንቲም መለሰላቸው።

እውነቱን የተናገረው ሱቅ ምን ገጠመው?

«ታዲያ ለምን አንድ ሐቀኛ ዋጋ ለጥፈው አይገላግሉንም?» የሚል ካለ፣ አንድ ትልቅ ሱቅ ሞክሮታል።

ጄሲ ፔኒ በመላው አሜሪካ ከአንድ ሺህ በላይ መደብሮች የነበሩት ስመ ጥር ሱቅ ነው። በ2011 መጨረሻ የአፕል ሱቆችን ያሳደገውን ሮን ጆንሰንን ዋና ሥራ አስፈጻሚ አድርጎ ቀጠረ። ጆንሰን ሒሳቡን ሲያይ ደነገጠ። ሱቁ በዓመት 590 የሚሆኑ የቅናሽ ዘመቻዎች ያካሂድ ነበር። በተለጠፈበት ሙሉ ዋጋ የሚሸጠው ዕቃ ከ500 አንድ እንኳ አይሞላም። አብዛኛው የሚሸጠው በግማሽ ዋጋና ከዚያ በታች ነው። በሌላ አነጋገር «መደበኛ ዋጋ» የሚባለው ማንም የማይከፍለው ቁጥር ነበር።

የካቲት 2012 ላይ ሁሉንም አነሳው። ኩፖን ቀረ፣ የሳምንቱ መጨረሻ ቅናሽ ቀረ፣ በ99 ሳንቲም የሚያልቀው ዋጋ ሳይቀር ቀረ። ዕቃው ላይ ቀድሞ ከነበረው ቢያንስ 40 በመቶ ዝቅ ያለ አንድ ዋጋ ተለጠፈ። በቃ፣ የምታዩት እሱ ነው፤ ዛሬም ነገም።

ደንበኛው ጥሎት ሄደ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሽያጩ በ25 በመቶ ወደቀ፣ ኪሳራው 985 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ሚያዝያ 2013 ጆንሰን ተሰናበተ። ሱቁ ይቅርታ የሚጠይቅ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አስነገረ፣ ኩፖኑም ከፍ አድርጎ መቀነሱም ተመለሰ።

የውድቀቱ ምክንያት ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ ሱቁ በአንዴ ብዙ ነገር ቀይሮ የቆዩ ደንበኞቹን አደናግሯል። ቢሆንም ዋናው ነገር ይታያል። ኩፖን ቆርጣ የምትገዛ ሴት ከዕቃው ሌላ የምታገኘው ነገር ነበር፦ «አተረፍኩ» የሚል ስሜት። ጆንሰን ያንን ወሰደባት። ዛሬ ሱቆች «በቅናሽ አትጫወቱብን» ሲባሉ ጆሮ የማይሰጡት ይሄን ስላዩ ይመስለናል። በአፋችን የምንጠላውን በጣታችን እንጫነዋለን።

ሕግ ምን ይላል?

አውሮፓ ሕብረት ጠንከር ብሏል። ከግንቦት 28 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ቅናሽ የሚያስተዋውቅ ሱቅ «በፊት ይሄን ያህል ነበር» ሲል የሚጠቅሰው ካለፉት 30 ቀናት ዝቅተኛውን ዋጋ መሆን አለበት። ጫማው ሰኞ 89 ከነበረ ቅዳሜ «ከ120 ወደ 95» ማለት አይቻልም፤ መነጻጸሪያው 89 ነውና ቅናሽ የሚባል ነገር የለም።

ሱቆች ወዲያው ቀዳዳ ፈለጉ። ጀርመን ውስጥ አልዲ ዙድ የተባለው ሱፐርማርኬት ሙዝን በ23 በመቶ ቅናሽ፣ ከ1.69 ወደ 1.29 ዩሮ ብሎ አስተዋወቀ። ከሥር በትንሽ ጽሑፍ ደግሞ ያለፉት 30 ቀናት ዝቅተኛ ዋጋ 1.29 መሆኑን ጻፈ። አስቡት፣ ቅናሽ ያለው ዋጋና ዝቅተኛው ዋጋ አንድ ናቸው! የሸማቾች ማኅበር ከሰሰ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት መስከረም 26 ቀን 2024 በሰጠው ውሳኔ ዝቅተኛውን ዋጋ ጥግ ላይ መጻፍ አይበቃም፣ በመቶኛ የሚነገረው ቅናሽ ራሱ ከዚያ ዋጋ መሰላት አለበት አለ። ስለዚህ ጀርመን፣ ጣሊያን ወይም ስዊድን ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ያችን ትንሽ ጽሑፍ ፈልጉ። ከተሰረዘው ቁጥር ይልቅ የምትጠቅማችሁ እሷ ናት።

አሜሪካ እንደዚህ ቁርጥ ያለ የቀን ቁጥር የላትም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ የቀድሞው ዋጋ ዕቃው በእርግጥ ለተወሰነ በቂ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበበት መሆን አለበት ይላል። «በቂ ጊዜ» ስንት ነው? እዚያ ላይ ነው ክርክሩ። ብዙውን ጊዜ የሚከሱት ክፍለ ግዛቶችና ራሳቸው ሸማቾች ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦቨርስቶክ የተባለው የኦንላይን ሱቅ ላይ በቀረበው ክስ አንድ ደንበኛ ያጋጠመው ተነስቶ ነበር። የግቢ ወንበርና ጠረጴዛ «999 ዶላር የሚያወጣ» ተብሎ በ449 ገዛ፤ ዕቃው ሲደርስ የዋልማርት ዋጋ ተለጥፎበታል፣ 247 ዶላር። ፍርድ ቤቱ በ2014 ኩባንያውን 6.8 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው።

ወደ እኛ ስንመጣ

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ ያስገድዳል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ያለፉት 30 ቀናት ዋጋ የሚል መለኪያ ግን የለውም።

እኛ ዘንድ ችግሩ ሌላ መልክም አለው። ብዙ ጊዜ የተሰረዘ ዋጋ ቀርቶ ዋጋም የለም። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ዕቃው ይለጠፋል፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይባላል። ለአንዱ የተነገረው ለሌላው አይነገርም፣ ማንም ማነጻጸር አይችልም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ያኔ «የዛሬ ዋጋ ነው፣ ነገ አላውቅም» የሚለው አነጋገር ሰበብ ብቻ አልነበረም። ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ የሸጠውን ዕቃ በስንት እንደሚተካው በእርግጥ አያውቅም ነበር። ከወር በፊት ያስገባውንም በዚያው ዋጋ የሸጠ ግን ሞልቷል።

የበዓል ባዛር ላይ የምታዩት «እስከ 50% ቅናሽ» ላይ ደግሞ «እስከ» የምትለዋን ቃል አትለፏት። አንድ ዕቃ ብቻ በግማሽ ዋጋ ቢሸጥ ማስታወቂያው ውሸት አይባልም።

ምን ይደረግ?

አማዞን ላይ የሚገዛ ሰው ኪፓ ወይም ካሜልካሜልካሜል የሚባሉትን ይጠቀም። የዕቃውን ሊንክ ስትሰጧቸው የወራት ዋጋውን በግራፍ ያሳያሉ፤ የምትፈልጉትን ዋጋ ሞልታችሁ ሲወርድ መልእክት እንዲልኩላችሁም ማድረግ ይቻላል። የብላክ ፍራይደይ ቅናሽ እውነት መሆኑን ለማየት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። አንዳንዱ በእርግጥ የዓመቱ ዝቅተኛ ዋጋ ነው፣ አንዳንዱ መስከረም ላይ ከነበረው የተወደደ።

ግራፍ ለሌላቸው ሱቆች፣ ለቴሌግራም ሻጮችም ጭምር፣ ስክሪንሾት ይበቃል። ዕቃውን ባያችሁበት ቀን አንሱት፣ ቀኑ አብሮ ይቀመጥላችኋል። ሻጩ «ከ4,500 ወደ 3,800 አወረድነው» ሲል ባለፈው ወር 3,600 ያለበትን መልእክት መልሳችሁ ላኩለት። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ዝም የሚልም፣ ብሎክ የሚያደርግም አለ።

ከገዛችሁ በኋላ ዋጋው ቢወርድስ? አሜሪካ ያላችሁ ደረሰኙን አትጣሉ። ታርጌት በ14 ቀን፣ ኮስትኮ በ30 ቀን ውስጥ የራሱ ዋጋ ከወረደ ልዩነቱን የሚመልስበት አሠራር አለው። የማይካተቱ ዕቃዎች ስላሉ ገጻቸው ላይ አንብቡ። አማዞን ይሄን አያደርግም፤ እዚያ ያለው አማራጭ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ዕቃውን መልሶ እንደገና ማዘዝ ነው።

ለእህታችሁ ሊንክ ስትልኩ ደግሞ ያያችሁትን ዋጋ ስክሪንሾት አብራችሁ ላኩላት፣ ከፍተኛው ስንት ሲሆን እንድትተወውም ንገሯት። አለበለዚያ እናንተ 89 ዶላር እያሰባችሁ እሷ ከሥራ ስትወጣ፣ ማታ ላይ፣ 120 ትከፍላለች።