በሬ በተሽከርካሪ ሲገጭ ካሳውን የሚከፍለው ማን ነው?

ከጥማዱ አንዱ በሬ በተሽከርካሪ ተገጭቶ ሲሞት የቀረው ብቻውን አያርስም። አደጋው በሰኔ ከደረሰ ደግሞ ጉዳቱ ከአንድ በሬ ዋጋ አልፎ የዓመቱን እርሻ ይነካል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ እዚያው አስፋልቱ ላይ ይቋጫል፤ አሽከርካሪው ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ ይሄዳል፣ አለዚያም «ከብትህን መንገድ ላይ የለቀቅከው አንተ ነህ» ብሎ ያልፋል። የሕጉ መልስ ከሁለቱም ይለያል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ንብረቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። መሪውን የያዘው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኀላፊነት አያመልጥም፤ በአደጋው ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ነጻ ይወጣል። በመሆኑም ከብቱ የሞተበት አርሶ አደር አሽከርካሪው ማጥፋቱን የማስረዳት ሸክም የለበትም። «ያጠፋው ሾፌሩ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» የሚል ባለንብረትም በሕግ ፊት አይደመጥም።

መድን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን ሳይኖረው በመንገድ ላይ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ባጃጅም ሆነ አይሱዙ ከዚህ ውጭ አይደለም። ሽፋኑ የሚጠብቀው ባለመኪናውን ሳይሆን በመኪናው የተጎዳውን ሌላ ሰውና ንብረቱን ነው። በሬም ንብረት ነው። የራሱ መኪና መብራት የተሰበረበት ባለንብረት ግን ለዚያ ሌላ ውል ካልገባ በዚህ ሽፋን አይካስም፤ ብዙ ባለባጃጆች ይህን የሚረዱት ከአደጋ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል። መድን ሰጪው የሚከፍለው በሕግ እስከ ተወሰነው ጣሪያ ድረስ ነው። ከዚያ የሚበልጠውን የተሽከርካሪው ባለቤት ከኪሱ ይሸፍናል።

የከብት ባለቤትም ከኀላፊነት ነጻ አይደለም። አንቀጽ 2071 እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆን እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። እንግዲህ በአንድ አደጋ ሁለት ኀላፊነቶች ይገናኛሉ ማለት ነው፤ የበሬው ባለቤት የሞተበትን ሲጠይቅ፣ ባለመኪናው ደግሞ የተጨራመተ ኮፈኑን ይዞ ይመጣል። ፍርድ ቤቱ የእያንዳንዱን ጥፋት ይመዝናል፤ ተጎጂው በከፊል ካጠፋም ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል። በምሽት ያለ እረኛ አስፋልት ላይ የተለቀቀ መንጋና በቀን በእረኛ ሲሻገር የተገጨ በሬ እኩል አይታዩም። እረኛው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሆነ ለጥፋቱ የሚጠየቀው አባቱ ነው። ሕጉ አንድ ቀዳዳም ትቷል፤ የቤት እንስሳው ባለቤት ራሱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎጂው በማስረከብ ከካሳው ሊድን ይችላል። አህያው መኪና ቢያበላሽ አህያውን ሰጥቶ መገላገል እንደማለት ነው።

አደጋው እንደ ደረሰ ትራፊክ ፖሊስ ተጠርቶ ፕላን እስኪያነሳ ድረስ ከብቱም መኪናውም ከቦታቸው ባይነሱ ይመረጣል። የሰሌዳ ቁጥሩ ይመዝገብ፤ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው የመድን ምልክትም በስልክ ፎቶ ይነሳ። የበሬው ዕድሜና የገበያ ዋጋ በቀበሌው የእንስሳት ባለሙያ በጽሑፍ ቢረጋገጥ ክርክሩን ያሳጥራል። በአንቀጽ 2091 መሠረት ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን ስላለበት፣ የሚያርስ በሬ በሥጋው ሒሳብ ብቻ ሊገመት አይገባም። በሬው ነፍሱ ሳትወጣ ታርዶ ሥጋው በቅርጫ ከተሸጠም የተገኘው ገንዘብ ተመዝግቦ ይቀመጥ፤ በኋላ መጠየቁ አይቀርም።

ሽምግልና መልካም ነው፤ አደጋው የሚገኘው ግን «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት በመንገድ ዳር ሲፈረም ነው። ያ ወረቀት ቀሪውን የካሳ ጥያቄ ሊዘጋ ይችላል። አሽከርካሪውም ቢሆን መድን ሰጪውን ሳያማክር ጥፋተኛነቱን አምኖ ቢስማማ፣ ብዙ የመድን ውሎች ይህን ስለሚከለክሉ የከፈለው ሳይተካለት ሊቀር ይችላል።

የተጎዳው ሰው ከሆነ ከሁሉም የሚቀድመው ሕክምና ነው። አዋጁ በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው የአስቸኳይ ሕክምና መብት ሰጥቷል። ገጭቶ ያመለጠው ተሽከርካሪ ካልታወቀ ወይም የመድን ሽፋን ከሌለው ደግሞ ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ለዚሁ ዓላማ ወደ ተቋቋመው የመድን ፈንድ ማመልከት ይችላል፤ ለዚህም የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል። በፍርድ ቤት የሚቀርብ የካሳ ክስ እንደ መርሕ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።