ዓለም አቀፍ ልቡና
ቅርንጫፍ የሚያበዙ ድርጅቶቻችን ሠራተኛውን ሰብስበው «ግሎባል ማይንድሴት ያስፈልጋችኋል» ማለት አዘውትረዋል። አሰልጣኞቹም ነገሩን እንግሊዝኛ ከማቀላጠፍና ከረባት ከማሰር ጋር ያምታቱታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ሲበር ይህ ቃል አማርኛችን ውስጥ አልገባም ነበር፤ የሌላ አገር መንገደኛ ማስተናገድ ግን ያኔም ነበረ። ቃሉን ወደ አማርኛ ሲመልሱት «ሉላዊ አስተሳሰብ» የሚሉ አሉ። ሉል በግእዝ ዕንቁ ነው፤ ኋላ ድቡልቡል ነገር፣ ከዚያም የምድር አምሳያ ሆነ። ያምራል፤ ግን ይቀዘቅዛል። እኔ «ዓለም አቀፍ»ን እመርጣለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ታፔላ ላይ ደነዘዘ እንጂ ውስጡ እናት ልጇን፣ ዶሮ እንቁላሏን የምትታቀፍበት «ማቀፍ» አለ። «ማይንድሴት»ንም «ልቡና» ብንለውስ? የናይሮቢ ደንበኛ ቅሬታ ሲያቀርብ «እኛ አገር እንዲህ አይደለም» ብሎ ከመመለሱ በፊት የሚጠይቅ ሠራተኛ፣ እንግሊዝኛው ቢሰባበርም፣ ዓለም አቀፍ ልቡና አለው።