የክርክሩ አዳራሽና የቆየ ዕዳዬ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ስለ ንግግርና ክርክር ክበቦች ታሪክ ጻፍልን» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ማታ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ግን ቀድሞ የመጣብኝ ታሪኩ ሳይሆን አንድ ሰው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ የተጠየቅኩትን ልክፈል።

የአደባባይ ንግግር ወደ አገራችን ከኮሌጅ ጋር አልመጣም። አያቶቻችን ዛፍ ሥር ቆመው «ተጠየቅ!» «በላ ልበልሃ!» እየተባባሉ ሲሟገቱ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጎበዝ ተሟጋች የሚባለው ሕጉን ያወቀ ብቻ አይደለም። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ አድርጎ፣ ባላጋራውን በአንድ ስንኝ ዝም የሚያሰኝ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳውያን ኢየሱሳውያን መሪነት ሲከፈት ሙግቱ መልኩን ለውጦ ገባ። የክርክር ክበብ ተቋቋመ፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ሥርዓቱ ሰብሳቢ፣ ደጋፊና ተቃዋሚ ያለው ሆነ። ከ1951 ጀምሮ ደግሞ ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኙ የሌሎች አፍሪካ አገሮች ተማሪዎች መጡ። እነሱ ስለ አገራቸው ነጻነት ሲናገሩ የሰሙት የእኛ ልጆች «እኛስ ስለ ራሳችን አገር ምን ብለን እናውቃለን?» ማለት ጀመሩ። በ1953 በኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን አቀረበ። ርእሱ ብቻ የዘመኑን ነገር ይናገራል። የኮሌጅ ቀን መሳፍንቱና መኳንንቱ የሚታደሙበት በዓል ነበርና፣ እንዲያ ባለ መድረክ ላይ ስለ ደሃ መናገር ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኔ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በእነዚያ መድረኮችና በተማሪ ማኅበራት ስብሰባ ጎን ለጎን ሲከራከሩ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ ኋላ ኢሕአፓና መኢሶን ሆነው ተለያዩ፤ ክርክሩም በጥይት ሆነ። ጥፋቱ የክርክር ክበብ ነው ማለቴ አይደለም፣ አልተሳሳትኩም። ግን መርታትን ብቻ የተማረ ሰው ሲረታ ምን እንደሚያደርግ ማን አስተማረው?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ የ1986 ገቢ ነኝ። ፍሬሽማን ሳለን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የሚሰበሰብ ክበብ ነበረን። የመጀመሪያው ርእስ ያው የፈረደበት «ከከተማና ከገጠር የትኛው ይሻላል» ነው። እኔ ለከተማ፣ ከላስታ የመጣ አንድ ልጅ ለገጠር። ልጁ ሦስት ገጽ በእጁ ጽፎ፣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በኪሱ ይዞ መጣ። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገረ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ያዘው። ደገመው፣ ሠለሰው፣ ቃሉ እምቢ አለ። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ አየዋለሁ። ተነሣሁና «የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ወንድሜ ገጠርን እንዲህ እያወደሰ ቃሉን ግን እዚያው ትቶት መጥቷል፤ አውቶቡሱ እስኪያመጣለት እንጠብቀው?» አልኩ።

አዳራሹ ፈነዳ። ጠረጴዛ የመታም ነበር። እኛ አሸነፍን፤ እሱ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከእኔ ዶርም ሁለት በር አልፎ ነበር የሚኖረው። አራት ዓመት ሙሉ ሰላም እንባባል ነበር፣ ሰላም ብቻ።

እኔ ተመርቄ፣ ሠርቼ፣ ዞሬ ዞሬ አሜሪካ ሜሪላንድ ደረስኩ። እዚያ ያ ሁሉ ምላሴ የት እንደገባ እንጃ፤ የሥራ ስብሰባ ላይ እንደ ላስታው ልጅ ቃል ይይዘኝ ጀመር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዝኖልኝ ቶስትማስተርስ የሚባል ክበብ ወሰደኝ። (ስሙን ስሰማ ዳቦ ነገር መስሎኝ ነበር። ለካስ ግብዣ ላይ ጽዋ አስነሥቶ ንግግር የሚያስከፍት ሰው ማለት ነው።) መሥራቹ ራልፍ ስሜድሊ የወወክማ ሠራተኛ ነበር። ወጣቶቹ ስብሰባ መምራትና ቆሞ መናገር እንደሚቸግራቸው አይቶ እ.ኤ.አ. በ1905 ኢሊኖይ ውስጥ ሙከራውን ጀመረ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የተዘረጋው ማኅበር የሚቆጠረው ግን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1924 በካሊፎርኒያ ሳንታ አና፣ በወወክማ ሕንፃ ምድር ቤት ካደረጉት ስብሰባ ነው። ሴቶችን በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1973 ነውና እዚህ ላይ እነሱም የሚያኮራ ነገር የላቸውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተናጋሪው ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መብራት ይበራለታል። አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ «እ…እ…» ያልክበትን ይቆጥራል። በአማርኛ ቢሆን «ማለት ነው» እና «ምን መሰለህ» ብቻቸውን ደብተር ይጨርሱ ነበር። ለእኔ አዲስ የሆነብኝ ግን ገምጋሚ የሚሉት ሰው ነው። ሥራው አንተን መርታት አይደለም፤ ሲያዳምጥህ ቆይቶ ምን እንደሠራልህና ቀጥሎ ምን ብታሻሽል እንደሚበጅህ ቆሞ ይነግርሃል። የእኔ የመጀመሪያ ገምጋሚ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። «የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስትናገር ዓይንህን ከወረቀቱ አነሣህ፤ ያኔ አመንኩህ። በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያው ላይም አንሣው» አሉኝ። ይኸው ነው። ቤቴ ስገባ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ተራው ደርሶኝ እኔ ገምጋሚ ስሆን ግን አመሌ ተነሣ። አንዱን ጀማሪ በቀልድ ሸነቆጥኩት፤ አዳራሹ እንደ ድሮው የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የታየኝ አራት ቦታ የታጠፈው ወረቀት ነው።

እውነቱን ለመናገር ቶስትማስተርስ የጎደለውም አለው። በሰባት ደቂቃ ንግግር ምክንያት በሩ የሚንኳኳበት ሰው የለም፤ የ1953ቱ ግጥም የነበረው ክብደት እዚያ አይገኝም። እኛ ጋ ደግሞ ድፍረቱ ሞልቶ ሳለ የወደቀውን ተናጋሪ ደግፎ የሚያነሣ አልተመደበም። ዛሬ ግቢ ውስጥ ክበብ የምትመሩ መምህራን ካላችሁ፣ ከዳኛው ወንበር አጠገብ አንድ የገምጋሚ ወንበር ጨምሩ። ወጪው አንድ ወንበር ነው።

ባለፈው ወር የዝግጅት ኮሚቴው የሚመጡትን ሰዎች ዝርዝር ሲልክልኝ ስሙን አየሁት። ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «እህ፣ አውቶቡሱ ደረሰ እንዴ?» አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቃል በቃል ያስታውሰዋል። ከዚያ ቀን በኋላ እስኪመረቅ ድረስ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ እንደማያውቅም ነገረኝ። ይቅርታ ማለት ስጀምር አቋረጠኝ፦ «በስልክማ አይሆንም። በሰው ፊት ያልከውን በሰው ፊት ትመልሰዋለህ። ሰዓቱን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ኮሚቴውን ለምኜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አምስት ደቂቃ አግኝቻለሁ።